ያልገባው ኳስም ይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሐዋሳ ውስጥ ካፌ ተቀመጡ ሜዳ ዳር ቁሙ፣ «ዊልት ይበልጣል፣ ጆርዳን ይበልጣል፣ የለም ከሪ ነው» የሚለው የቅርጫት ኳስ ክርክር አይጠፋም። ክርክሩስ ደግ ነው። የሚያሳዝነው የስፖርት ገጾች ክርክሩን እንፈታለን ብለው የሚያወጡት ሰንጠረዥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በጨዋታ የተቆጠረ አማካይ ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለብቻው ከዘመን ዘመን አያሻግርም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዊልት ቻምበርሌይን በ1961-62 በጨዋታ 50.4 ነጥብና 25.7 ሪባውንድ ነበረው። ከሪባውንዱ እንነሳ። ሪባውንድ ስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ ነውና የሚገኘው ካልገባ ኳስ ነው። በዚያ ዓመት አንድ የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን በጨዋታ 108 ጊዜ ገደማ ይወረውር ነበር፤ የሚገባለት ከመቶ 43 ያህሉ ስለሆነ 62 ገደማው ይስታል። በ2023-24 ሙከራው 89 ገደማ፣ የሚስተው 47 ገደማ ነው። 25.7ን በ47 አባዝተን ለ62 ስናካፍል 19.5 ይመጣል። በዚህ አያበቃም። ዊልት በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫውቷል፤ መደበኛው ጨዋታ 48 ደቂቃ መሆኑን ልብ ይሏል፣ ትርፉ ከጭማሪ ሰዓት የመጣ ነው። የዛሬ ኮከብ 36 ደቂቃ ቢጫወት ነው። በዚያ ስንመጥነው 14.5 ይቀራል። ግማሹ ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ ሆኖም በ2023-24 ሊጉን የመራው ዶማንታስ ሳቦኒስ 13.7 ነበረው። ስሌቱ የድሮውን ሰው ለማሳነስ የተፈጠረ የሚመስላቸው ይህችን ይዩልን።

ነጥብን ለማወዳደር ደግሞ የፍሪ ስሮው (ለጥፋት የሚሰጠው ነጻ ውርወራ) ሙከራ በ0.44 ይባዛል፣ ከሜዳ ሙከራው ጋር ይደመራል፣ ድምሩ በ2 ይባዛል፣ ያስቆጠረው ነጥብ ለዚያ ይካፈላል። 0.44 የሆነበት ምክንያት፣ ሁለት ፍሪ ስሮው አንድ ማጥቃት ቢጨርስም፣ ኳስ ገብቶ በጥፋት የሚጨመረው አንዱ ፍሪ ስሮውና የቴክኒካል (የሥነ ሥርዓት) ጥፋቱ ግን የራሳቸው ማጥቃት ስለማይቆጠርባቸው ነው። ዊልት በዚያ ዓመት ከመቶ 53.6 ሲያገኝ ሊጉ 47.9 ነበር። ጆርዳን በ1986-87፣ 37.1 ነጥብ ባስቆጠረበት ዓመት፣ 56.2 ሲሆን ሊጉ 53.8። ከሪ በ2015-16 66.9፣ ሊጉ 54.1። መታየት ያለበት ከሊጉ ያለው ርቀት ነው፦ 5.7፣ 2.4 እና 12.8። ታዲያ ጆርዳን አነሰ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። እሱ በጨዋታ 27.8 ጊዜ ሲሞክር ከሪ 20.2 ጊዜ ነው፤ ብዙ የሚወረውር ሰው ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሊያልቅ ሲል የሚቀረውን ክፉ ኳስም ይወስዳል። ስለዚህ የሙከራው ብዛት ከጎኑ ካልታተመ ይህም ቁጥር ያሳስታል።

ሕጉም አንድ ሆኖ አልቆየም። ሦስት ነጥብ ኤንቢኤ የገባው በ1979-80 ነው። ከ1994-95 እስከ 1996-97 መስመሩ ዙሪያውን ወደ 6.71 ሜትር ቀርቦ ነበር፤ ዴኒስ ስኮት በ1995-96 ይዞት የነበረው የአንድ ዓመት የ267 ሦስት ነጥብ ውርወራ ሪከርድ የተመዘገበው በዚያ መስመር ነው። ብሎክ (የተወረወረን ኳስ መመከት) እና ስቲል (ኳስ መንጠቅ) በይፋ መቆጠር የጀመሩት በ1973-74 ስለሆነ፣ በ1969 የተሰናበተው ቢል ራስል በይፋ አንድም ብሎክ የለውም። «የምንጊዜም የብሎክ ንጉሦች» የሚል ዝርዝር ያለዚህ ማስታወሻ ባይወጣ ይሻላል። አሲስትም (ለሚያስቆጥረው ሰው ማቀበል) ቢሆን በኤንቢኤና በፊባ (የዓለም የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) አንድ አይደለም፦ ፓስ የተቀበለው ተጫዋች ሲወረውር ጥፋት ተሠርቶበት ከፍሪ ስሮው አንዱን እንኳ ካስገባ ፊባ ለአቀባዩ አሲስት ይሰጣል፣ ኤንቢኤ አይሰጥም።

ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ። የሐዋሳን የድሮና የዛሬ ተጫዋቾች በቁጥር እናወዳድር ብንል በምን? ጠረጴዛው ላይ ያለው የፊባ ነጥብ ወረቀት የገባ ኳስና ጥፋት እንጂ ያልገባ ኳስ አይጽፍም። 20 ነጥብ ያስቆጠረው በ12 ሙከራ ይሁን በ30 አይታወቅም። መፍትሔው ሁለተኛ ወረቀትና ሁለት ሰው ነው፦ አንዱ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ብቻውን ጎንበስ ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያመልጠው ሁልጊዜ ቀለበቱ ሥር በተከታታይ የሚነካካው ኳስ ነው። ጥፋት ተሠርቶበት ያልገባ ውርወራ ሙከራ አይባልም፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በየ10 ደቂቃው ማብቂያ ማመሳከር ይቻላል፦ ያልገቡ ሙከራዎችና ያልገቡ የመጨረሻ ፍሪ ስሮዎች ድምር ከሁለቱ ቡድኖች ሪባውንድ ጋር መግጠም አለበት፤ ከሳተ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ ለቡድን የተሰጠው ኳስም ይቆጠራል፣ ሰዓቱ ያለቀበት ሙከራና ኳሱ የማይሻማበት የቴክኒካል ጥፋት ፍሪ ስሮው ግን ይቀራሉ። ካልገጠመ እዚያው ይታረም፣ ማታ ቤት ተገብቶ አይሆንም።

የከተማውን ውጤት ስታወጡ ከነጥቡ ጎን የሙከራውንና የደቂቃውን ዓምድ ብትጨምሩልን ቦታው ሁለት ጠባብ ዓምድ ነው፤ ወረቀቱን ከዚህ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር
የጨዋታ መዝጋቢዎች፣ ሐዋሳ