የበርሜሉን ዜና ማን ይስራው?

አዘጋጆች እንዴት ናችሁ? ባለፈው ስለ ወባ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፈው። "ህብረተሰቡ የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ይክደን" ብሎ አለቀ። እኔም እዚህ ድሬዳዋ እንደዛ እየጻፍኩ የኖርኩ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ስለዚህ ወቀሳው ለራሴም ነው።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ ትንኝ እንደ ድሮዎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥም ትፈለፈላለች፣ 2014 ላይ በጠራራ በጋ ወባው ከተማችን ውስጥ ሲነሳ ከሷ ጋር እንደሚያያዝ ተጠንቷል። ከዛ በፊት በ2006 የደንጌ ትኩሳት፣ በ2011 ክረምት መገጣጠሚያ የሚያሳምመው ቺኩንጉንያ ነበረ (ያኔ ሰው ባጃጅ ላይ ለመውጣት እንኳን ደጋፊ ይፈልግ ነበር እኮ)፣ የነሱ ትንኝ ሌላ ናት ግን እሷም በርሜል ትወዳለች። በርሜል የሚሞላው ደሞ ማነው? ቧንቧው ስንት ቀን ቆይቶ የሚመጣለት ሰው ነው!

ይሄን ለመስራት ገንደ ቆሬ ሰፈር ውሎ ማደር፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዞ መዞር፣ ለባጃጅ መክፈል አለ። አበሉ ያለው ግን ሆቴል ውስጥ፣ ወርክሾፕ ላይ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ወርክሾፑን እንዘግባለን፣ ሳምቡሳውም አይከፋም አልዋሽም።

አምና ትንሽ የዘገባ ድጋፍ አግኝቼ ነበር፣ ብሩ ከትራንስፖርት ብዙም አላለፈ፣ ግን አንድ አንጋፋ አዘጋጅ በስልክ እንዲያግዘኝ ተመደበልኝ። የመጀመሪያ ጽሁፌን አይቶ "ስንት ቤት ገባሽ?" አለኝ። ሁለት። "ተመለሺና ሃያ ግቢ ግቢ፣ ክዳን ያለውን በርሜል ቁጠሪ" አለኝ፣ ተናደድኩ ግን ሄድኩ። አንዲት እናት ክዳኑን ስጠይቃቸው እየሳቁ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ፣ ለካ እንጀራ ይጋግሩበታል! በርሜሉን ደሞ በጆንያ ሸፍነው በገመድ አስረውታል። ይክደን ብዬ የጻፍኩት እኮ ለእሳቸው ነው።

ውጪ አገር እንዲህ አይነቱ የተለመደ ነው፣ አሜሪካ የሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ጋዜጠኝነት ማዕከል ለጋዜጠኛ የዘገባ ገንዘብ ሰጥቶ ለወራት የሚያማክር ሰው ይመድባል። የኛ ሰው ለእንደዚህ አይነት ድጋፍ ሲያመለክት ማመልከቻው በእንግሊዝኛ፣ ላዩ ላይ ደሞ ጽሁፉን አወጣለሁ የሚል የአዘጋጅ ደብዳቤ፣ ፍሪላንሰር ከየት ያመጣል? እናንተ ከአዲስ አበባ ውጪ ላለነው እሱን ደብዳቤ ብትፈርሙልን፣ ከአንጋፋዎቻችሁም አንዱ በሳምንት አንዴ ስልክ ቢያነሳልን በቂያችን ነው።

የሃያውን ግቢ ቆጠራ የያዝኩበት ደብተር አለ፣ የምታዩት ከሆነ በቴሌግራም ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከለገሃሬ