ለሰፈራችን የውሾችና የድመቶች መጠለያ እድሳት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ በውጭ አገርም የምትገኙ የሰፈራችን ልጆች፤

አሮጌው የእህል መጋዘን ባለቤት አልባ ለሆኑ ውሾችና ድመቶች መጠለያ ከሆነ ወዲህ፣ ያገኘነው ገንዘብ ሁሉ ለምግብና ለክትባት ሲውል ቆይቷል። እንስሳቱ ከጠገቡና ከተከተቡ ቤቱ እንደምንም ይሆናል ብለን ያሰብነው እኛው የኮሚቴው አባላት ነን። ስሕተታችን የገባን ባለፈው ጥር ነው። አንዲት እናት ቡችላ ሊወስዱ ልጃቸውን ይዘው መጥተው በሩ ሲከፈት፣ በሽቦ ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት የሚተያዩት ውሾች ሁሉም ባንዴ ጮኹ፤ ልጁ የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ፤ እሳቸውም «ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብለው ከደጃፉ ተመለሱ። ያቺ ቡችላ ዛሬም እኛው ዘንድ ናት።

በሰፈሩ የሚኖሩ አንድ ግንበኛ፣ አንድ አናጺና አንዲት የእንስሳት ሐኪም ከተንከባካቢዎቹ ጋር ተቀምጠው ባወጡት ንድፍ መሠረት፣ የውሾቹ ክፍሎች እንዳይተያዩ በብሎኬት ይከለላሉ፤ ሽንት የሚያቁረው የተሰነጣጠቀ ወለል ተነሥቶ ወደ ቦዩ ዘንበል ያለ ሊሾ ይደረጋል፤ ድመቶቹም ከውሾቹ ርቀው ከፍ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሠራላቸዋል። በመግቢያው እንግዳ ከአንድ እንስሳ ጋር ብቻውን ተቀምጦ የሚላመድበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለው ጸጥተኛ ክፍል ይኖራል። ይህን ሐሳብ ያመጡት፣ እንግዳ ሲመለስ በየቀኑ የሚያዩት የበር ጠባቂያችን ናቸው።

ውሻ የማይወድ ጎረቤትም ቢሆን ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ሲሆን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀናት ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል፤ እኛ ግን እስካሁን የራሱ በር ያለው የማቆያ ክፍል የለንም።

ስለዚህ 120 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 900 ብሎኬት፣ 60 ቆርቆሮና አንድ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ያስፈልገናል፤ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ በርና መስኮትም በደስታ እንቀበላለን። ገንዘብ የምትሰጡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ወደሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ታስገባላችሁ፤ የወጪው ደረሰኝ በየሳምንቱ በመጠለያው በር ላይ ይለጠፋል። ጉልበት ያላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በደቦ እንገናኝ።

ከሁሉም የከበደን ግን ሌላ ነው። ሊሾው ከተሠራ በኋላ ውኃ እየጠጣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ስላለበት፣ በዚያ ጊዜ ውሾቹን የምናስጠጋበት ቦታ የለንም። ግቢ ያላችሁ ለሁለት ሳምንት አንድ አንድ ውሻ ብታስጠጉልን፣ ቀለቡን እኛ እናመጣለን። ሥራው ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ዕቃ ይዛችሁ የምትመጡ በጓሮው በር ብትገቡ ይሻላል፤ በፊት ለፊቱ ከመጣችሁ ውሾቹ ለጊዜው መጮኻቸው አይቀርም።

የመጠለያው ኮሚቴ