ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ስለተቃናው የቁልቁለት ውድድር ብስክሌቴ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ባሕር ዳር
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

እኔ በግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ብስክሌት በማከራየትና በመጠገን የምተዳደር ደንበኛዎ ነኝ። ባለፈው ሰኔ በገባነው ውል ለቁልቁለት ውድድር የሚሆን የአሉሚኒየም ፍሬም በሥዕሌ ልክ እንድትሠሩልኝ 120,000 ብር ከፍዬ፣ ፍሬሙን በመስከረም መጨረሻ ተረክቤአለሁ። ቀለሙ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ቅሬታዬ ከቀለሙ ሥር ስላለው ነው።

ለፎርማንዎ ሁለት ጊዜ በአካል፣ በስልክማ ስንት ጊዜ እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ አመልክቻለሁ። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ተወልደን ላደግን ሳይክል ልታስተምረን ነው?» እውነታቸውን ነው፣ እዚህ ከተማ ሁላችንም ያደግነው ኮርቻ ላይ ነው። ግን ከዘንባባው ሥር የምንነዳበት አስፋልት ለጥ ያለ ነው። እኔ ፍሬሙን ያዘዝኩት ከቤዛዊት ኮረብታ ክረምቱ ቦይ ቦይ ባደረገው መንገድ፣ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በሰዓት እየተያዝን ለምንወርድበት ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ፔዳል ያላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

በሥዕሉ ላይ የመሪው ቱቦ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 63 ዲግሪ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። የተረከብኩትን በስልኬ ማዕዘን መለኪያ ስለካው 68 ሆነ። ስልኬ የተሳሳተ መስሎኝ ከጎረቤቴ አናጢ ውሃ ልክና ማዕዘን መለኪያ ተውሼ ደገምኩት። ያው 68። በያጁን ስጠይቀው ልጁ በቅንነት ነገረኝ፦ «ሥዕሉ ላይ በጣም ያጋደለ መስሎን አቃናነው።»

ማጋደሉ እኮ ሆን ተብሎ ነው! ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ራሱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊት ጎማው ከነጂው ራቅ ብሎ መቅደም አለበት። የዓለም ዋንጫ ላይ የሚወርዱት ብስክሌቶች ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ የሚሠሩት ለዚሁ ነው። በእናንተ መቃናት የሁለቱ ጎማዎች ርቀት፣ ከእምብርት እስከ እምብርት፣ ከ1,250 ሚሊ ሜትር ወደ 1,195 ወርዷል። አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ጥቅምት ውስጥ ግን የፊት ጎማው ድንጋይ ሲመታ እኔ መሪውን ተሻግሬ ብስክሌቱን ቀድሜው ወረድኩ። ግራ ክርኔ እስካሁን በደንብ አይዘረጋም።

ስንጥቁን ያየሁት በማግስቱ ሳጥበው ነው። የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በተበየደበት ጠርዝ ላይ የሣር ሰበዝ የመሰለ ነገር ነበር። በጨርቅ ጠረግኩት፤ አልሄደም። በአውራ ጣቴ ጥፍር ስፍቀው ጥፍሬን ያዘኝ። ርዝመቱ 31 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፎቶው ተያይዟል። ይህ ፍሬም ኮረብታውን የወረደው 11 ጊዜ ብቻ ነው።

የውላችን ተራ ቁጥር 6 «ከብየዳ በኋላ በሙቀት ማጠንከር» ይላል፤ ከከፈልኩት ውስጥ 18,000 ብር የታሰበው ለዚሁ ነው። 6061 የሚባለው አሉሚኒየም ሲበየድ በብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ይለሰልሳል። ጥንካሬው የሚመለሰው ሙሉ ፍሬሙ እስከ 530 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ግሎ ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ ከዚያም በ160 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት ሲቆይ ነው። ፎርማኑ «ምድጃ ገብቷል» አሉኝ። የቱ ምድጃ ብዬ ሄጄ አየሁት፤ የበርና የመስኮት አሉሚኒየም የምትቀቡበት የዱቄት ቀለም ምድጃ ነው። እሱ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው፣ ያውም ለሩብ ሰዓት ያህል። ቀለም ያበስላል እንጂ ብየዳ አያጠነክርም። እቶኑ ከሌላችሁ የለንም ማለት ምን ገደዳችሁ? ገንዘቡን ባልተቀበላችሁ ነበር፤ እኔም ሌላ ብረት በመረጥኩ ነበር።

ስንጥቁን ካየሁ በኋላ ሌላውንም ማመን አቃተኝና የኋላውን ጎማ ምት ወደሚያበርደው አሞርቲዛተር ሄድኩ። አሞርቲዛተሩ እህቴ ከጀርመን በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው ነው፤ ርዝመቱ 250፣ ሲጫን ወደ ውስጥ የሚገባው ደግሞ 75 ሚሊ ሜትር። ሥዕሌ የኋላው ጎማ 200 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። 200 ለ75 ሲካፈል 2.67 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም አሞርቲዛተሩ አንድ ሚሊ ሜትር ሲገባ ጎማው በአማካይ 2.67 ይነሣል። የአሞርቲዛተሩ መቀመጫም የመዞሪያው ኩሽኔታም ቦታቸው የተወሰነው በዚህ ሒሳብ ነው። ሁለት ዓመት በካሬ ወረቀት ላይ ያሰመርኩትና የሰረዝኩት ይህንኑ ነው።

ሙከራውን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞላውን ከአሞርቲዛተሩ አወጣሁ። ብስክሌቱን ከሱቄ ጣሪያ ማገር ላይ በገመድ ሰቀልኩና የኋላውን ጎማ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ገፋሁት። ሄደ፣ ሄደና «ጥብ» ብሎ ቆመ። በካሊፐር ስለካው አሞርቲዛተሩ ገና 22 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል! ያቆመው እሱ አይደለም፤ ጎማው የኮርቻውን ቱቦ ነክቶ ነው። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሳይ የጎማው ጥርሶች በቀዩ ቀለም ላይ ተራ በተራ ጥቁር ማኅተም መትተውበታል። ስለዚህ ከ200 ሚሊ ሜትር የተሰጠኝ 140 ያህል ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ዝላይ ብዘል ኖሮ ፍሬን ሳልነካ ጎማው ቱቦውን ነክሶ ይቆም ነበር። የወደቅኩት በትንሽ ድንጋይ መሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዚህም ምክንያት ተነግሮኛል። የአሞርቲዛተሩ መቀመጫ 2 ሴንቲ ሜትር የተዛወረው «በእጃችን የነበረው ላሜራ ስላጠረ» ነው። እዚህ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝ። ጎማው ወደ ላይ ሲነሣ የሚደርስበትን ቦታ በነጠብጣብ መሥመር ሥዕሉ ላይ ማሳየት ነበረብኝ፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም መጥቼ ማየት ነበረብኝ። ቢሆንም ላሜራ ሲያጥር ሰው ይደውላል። ስልኬ ውሉ ላይ አለ።

ስለ ማርሹ ብዙ አልልም። «ለምርቃት» ብላችሁ ከፊት ሦስት ጥርሳም ክብ ገጥማችሁ 21 ማርሽ አድርጋችሁልኛል። እኔ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት ነበር ያልኩት። አሜሪካዊው የቁልቁለት ተወዳዳሪ አሮን ጉዊን በ2015 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ሌዎጋንግ ላይ በዓለም ዋንጫ ገና ሲነሣ ካቴናው ተበጥሶበት፣ እስከ መጨረሻው ያለ ካቴና ወርዶ አንደኛ ወጥቷል። ለእንዲህ ያለ ውድድር 21 ማርሽ ማለት ለታንኳ ፍሬን መግጠም ነው። በቅን ልብ እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ፣ ግን ፈትቼ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ውሰዱት።

የምጠይቀው ይህ ነው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ፍሬሙ በእናንተ ወጪ እንደገና እንዲሠራ ነው፤ ነገር ግን በአሉሚኒየም ሳይሆን 4130 በሚባለው ክሮሞሊ ብረት። ስስ ቱቦው ከተበየደ በኋላ የሌላችሁን እቶን አይጠይቅም። አንድ ኪሎ ቢጨምርም ቁልቁለት ነውና እችለዋለሁ። ቱቦዎቹ መያዣው ላይ ተገጥመው፣ ገና በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዘው ሳሉ እኔ ራሴ መጥቼ እለካቸዋለሁ፤ እስክፈርም ድረስ ሙሉ ብየዳ አይጀመርም፣ ቀለምም አይቀባም። ይህ የማይመች ከሆነ 120,000 ብሬና የሥዕሉ ዋና ቅጂ ይመለሱልኝ። ክርኔን ለታከምኩበት ምንም አልጠይቅም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ አሳስባለሁ፤ ካልሆነ ውሉን ይዤ ወደሚመለከተው አካል ለመሄድ እገደዳለሁ።

ፍሬሙ እንደተሰቀለ ነው፤ ሞላውንም አልመለስኩትም። አይታችሁ ለማረጋገጥ ሰው የምትልኩ ከሆነ በያጁ ልጅ ይምጣልኝ። ሥዕሉንም ይዞ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ደንበኛዎ

አባሪ፦ የውሉና የደረሰኙ ቅጂ፣ ሦስት ፎቶግራፍ