ብሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን እንደተወሰደም ይጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ መንግሥት በጀት ባወጣችሁት ጽሑፍ ክርክሩ «ይጨመር» እና «ይቀነስ» ላይ ቆሟል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብሩ ወዴት እንደሚሄድና ከማን እንደሚመጣ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ብሎኬት አመርታለሁ። ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ድንጋዩ የአገር ውስጥ፣ ጠራቢዎቹም የአካባቢው ልጆች ነበሩ። ክፍያ በወጣ ማግስት ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት እስከ እኩለ ቀን አይቆይም። ምሳ ቤት ያላት ጎረቤታችን ሁለት ልጆች ቀጠረች። እነሱም ጫማ ገዙ፣ ባጃጅ ተሳፈሩ። አንዱ ጠራቢ ቤቱን ሊያሰፋ ብሎ ብሎኬት ከእኔ ወሰደ። ኢኮኖሚስቶች ማልቲፕላየር የሚሉት ይህንን ነው። ሰው ካገኘው ብር 80 ሳንቲሙን መልሶ ካወጣው፣ በስሌት አንዱ ብር የአምስት ብር ፍላጎት ይፈጥራል። በተግባር ግብሩና ከውጭ የሚገባው ዕቃ ይሸራርፉታል። ለሬንጅና ለማሽን ወደ ውጭ የሚከፈለው ገንዘብ እኛ ጉልት ጋ አይደርስም። ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ የሚጨመር በጀትም ከሥራ ይልቅ ዋጋ ነው የሚያንረው።

አሁን መንግሥት ከባንኮች ወደሚበደረው ገንዘብ ልምጣ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ገንዘቡ ለአምስት ዓመት ይታሰራል፤ መጀመሪያ ላይ ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ነበር። እሱ ቀረ ስንል፣ በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከአዲስ ብድር 20 በመቶ የሚያህል የግምጃ ቤት ቦንድ፣ ማለትም መንግሥት የሚበደርበትን ሰነድ፣ እንዲገዙ የሚል ግዴታ መጣ። በመማሪያ መጽሐፍ መንግሥት ሲበደር ወለድ ይጨምርና የግሉ ባለሀብት ከብድሩ ይገፋል። በእነዚያ ዓመታት እኛ ጋ ግን ወለዱ ብዙም ሳይነቃነቅ «ገንዘብ የለም» ይባል ነበር። እኔም የብሎኬት ማሽን ልገዛ ብድር ጠይቄ፣ ማስያዣዬ ተገምቶ ካለቀ በኋላ «ገንዘብ ሲኖር እንደውላለን» ተባልኩ። ያ ማሽን ቢገባ ሰው እቀጥር ነበር። የእነሱም ደሞዝ ጉልት ይወርድ ነበር።

መንግሥት አያውጣ አልልም። ኮብልስቶኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘጋቢዎቻችሁ ግን የበጀት ዜና ሲሠሩ ገንዘብ ሚኒስቴርን ይጠይቁልን፦ ከአገር ውስጥ ባንኮች የሚወሰደው ብድር ስንት ነው? ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ወጪስ አገር ውስጥ የሚቀረው ምን ያህሉ ነው?

ከአክብሮት ጋር
አንድ ብሎኬት አምራች፣ ከቱሉ ዲምቱ