ስለ ጣዎሱ መጽሐፍ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልትገዢው ስላሰብሽው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ይህን አንብቢ።

ልቦለዱ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1813 በሦስት ቅጽ፣ ያለ ደራሲዋ ስም ነው። ሰብሳቢዎች «የጣዎሱ እትም» የሚሉት ግን ጆርጅ አለን በ1894 ለንደን ላይ ያሳተመውን ነው። ሥዕሎቹ የሂዩ ቶምሰን፣ መግቢያው የጆርጅ ሴንትስበሪ ናቸው። የኦስተን ወዳጆች ዛሬም የሚጠሩበት «ጄናይት» የሚለው ስም ከዚያ መግቢያ የወጣ ስለሆነ እሱን ሳታነቢ እንዳታልፊ።

በጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ላይ በወርቅ የታተመው ጣዎስ በእውነት ያምራል፤ ሻጭም ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እዪ። ሽፋኑን በመዳፍሽ ደግፈሽ ወደ 90 ዲግሪ ብቻ ክፈቺውና ሽፋኑና ጥራዙ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቺ። እዚያ የተለጠፈው ወረቀት ተሰንጥቆ ከሥሩ ክር ወይም ስስ ጨርቅ ብቅ ካለ፣ ሽፋኑ ሊገነጠል ተቃርቧል። መጽሐፉ ወደ 500 ገጽ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ክብደቱን የሚሸከመው ያ ቀጭን መስመር ነው። ወርቁ የደበዘዘ ግን መገጣጠሚያው ጤነኛ የሆነ ቅጂ ቢገኝ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የጀርባውን፣ ማለትም መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየውን ጠባብ ጎን፣ አረንጓዴ ከፊት ሽፋኑ ጋር አስተያዪው። ጀርባው ወደ ቡናማ ካደላ ለዓመታት ብርሃን ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ይህ አይመለስም። የጀርባው የላይኛው ጫፍ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ መጽሐፉን ከመደርደሪያ በጣት ከላይ እየሳቡ ማውጣት ነው። አንቺ ግራና ቀኙን መጻሕፍት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ ወገቡን ይዘሽ አውጪው።

ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሪ። ሥዕሎቹ 160 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ የታተሙ ናቸው፤ ስለዚህ ሥዕል የተቆረጠበት ቅጂ ታሪኩም ይጎድለዋል። ምዕራፎቹ 61 መሆን አለባቸው። ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ባለቀለም ካገኘሽ ቀለሙ በኋላ የተጨመረ ነው። ያው ጣዎስ በዘመናዊ ቅጂዎች ላይም ስለሚታተም በሽፋኑ አትመኚ፤ የርዕስ ገጹን አንብቢ። እንደ ድሮው ፊደሉ ወረቀቱን ተጭኖ በሚያትም ማተሚያ የታተመ ወረቀትን ከኋላው በጣትሽ ብትዳስሺው የጫናው ምልክት ሊሰማሽ ይችላል።

ቡናማ ነጠብጣብ የእርጥበት ምልክት ነው፤ ጥቂቱ አያስደነግጥም። የሻጋታ ሽታ ካለው ግን አትግዢው፤ ወደ ሌሎቹ መጻሕፍትሽ ይዛመታል። የተሰነጠቀውን በፕላስተር እንዳትለጥፊ፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። እጅሽን ታጥበሽ በደንብ አድርቂ፤ ጓንት አያስፈልግም፣ ጣት ወረቀቱን እንዳያውቀው አድርጎ ገጽ ያስቀድዳል። ከመስኮትና ከማሞቂያ ርቆ በ18 እና በ20 ዲግሪ መካከል፣ እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በፕላስቲክ አትጠቅልዪው።

የመገጣጠሚያውን፣ የጀርባውንና የርዕስ ገጹን ፎቶ ከሻጩ ጠይቂና ላኪልኝ። እኔ ሳላየው እንዳትከፍዪ።

እናትሽ