ለእማዬ፣ ማሙሽን ለጥምቀት ስለመውሰድ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ለጥምቀት ጎንደር ስትመጪ ማሙሽን በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የሚቆመው የእንጨት ርብራብ ላይ አውጥተሽ ውኃው ሲባረክ ልታሳዪው እንዳሰብሽ ሰማሁ። እማዬ፣ ርብራቡን ተይው። በ2012 ዓ.ም. ጥር 11 ጠዋት እንዲህ ያለው ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል። ለጊዜው የቆመ እንጨት ነው፤ ሰው ይደራረብበታል፣ ቡራኬው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ውኃው ያዘነብላል። መሬት ላይ ብትቆሙም ጎረምሶቹ ወደ ውኃው ሲዘሉ ግፊያው ይነሣል። የአራት ዓመት ልጅ እዚያ መሀል የሚያየው የሰው እግር ብቻ ነው።

መዋኛውን ማየቱ ካልቀረ ቀደም ብለን እንውሰደው። ዓመቱን ደርቆ የሚከርመው ገንዳ ከበዓሉ በፊት ከቀሐ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባለታል። ከተራ የተባለውም ውኃው ስለሚከተር አይደል? ያን ጊዜ ሰው ስለማይበዛ መሀል ላይ የቆመውን ግንብና አጥሩን አንቀው የያዙትን የዛፍ ሥሮች እየዞራችሁ ታያላችሁ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ግን እጁን እንዳትለቂው።

ዋናው ለእሱ የሚሆነው ጥር 10 ከሰዓት፣ ታቦታቱ ሲወርዱ ነው። ከፋሲል ግንብ እስከ መዋኛው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዝማሬ ቀስ እያሉ ስለሚሄዱ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እኛ አንከተልም፤ አንድ ቦታ ቆመን ታቦታቱ በፊታችን ይለፉ። ከኋላችን የሚያስወጣ ቅያስ ያለው ቦታ እንይዛለን። አጥር ወይም ግንብ ተደግፎ መቆም የሚያመች ይመስላል፣ ሰው ሲገፋ ግን መውጫ የለውም። መንገዱ የሚጠብበት፣ ድልድይና በር አጠገብም አይሆንም። ከድምፅ ማጉያው እንራቅ፤ ከበሮውና ጽናጽሉ ልጅ አያስለቅሱም፣ የሚያስለቅሰው ማጉያው ነው።

ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች ሲመጡ ሰዉ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ማሙሽን ከዚያ በፊት አነሣዋለሁ። አንቀልባ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ጀርባ ላይ ሆኖ የሚያየው የለም፣ ከኋላ የሚገፋውንም ያዘለው ሰው አያይለትም። እንኮኮ እይዘዋለሁ፣ ሲደክመኝ እህቴ ትቀበለኛለች። አንቺ ከዱካሽ አትነሺ። ዱላ ይዘው እየዘለሉ የሚጨፍሩት ጎረምሶች ሲመጡ ወደ ቅያሱ እንገባለን፤ ዱላው ከፍ ሲል እንኮኮ የተቀመጠ ልጅ ፊት ላይ ይደርሳል።

ዕለቱ ገሃድ ስለሆነ እኛ ጿሚ ነን፤ እሱ ግን ሳይበላ አይወጣም። ዳቦ፣ ሙዝና አንድ ሊትር ውኃ እይዛለሁ። ቆሎ እንዳትሰጪው፤ ሲገፉት ወይም ሲስቅ ትን ይለዋል። ሸንኮራም ከፈለገ ልጠሽ፣ ቆራርጠሽ፣ ቁጭ ብሎ።

ጥር 11 ንጋት ላይ እሱ ተኝቶ ሳለ አንቺና እኔ እንሄዳለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢሽን ደርቢ። ቅያሪ ነጠላም ያዢ፤ ከሚረጨው ጠበል ማንም ደርቆ አይመለስም። ለማሙሽ በጠርሙስ አምጥተን ፊቱን እንረጨዋለን፤ እንዲጠጣ ግን አልፈቅድም፣ ከወንዝ ገብቶ የቆየ ውኃ ነውና ለሆዱ እፈራለሁ። አውቃለሁ፣ በዚህ እንደማንስማማ። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ከ11ዱ ይቀላልና ጉልበትሽ ከፈቀደ ደግመን እናወጣዋለን።

ስልክ በዚያ ሰዓት ይጨናነቃል። ብንጠፋፋ የት እንደምንገናኝ ከመውጣታችን በፊት እንነጋገራለን። ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ላብ ሲነካው ይጠፋል።

የምታሰፊለትን የሐበሻ ልብስ ከጉልበቱ እንዳታስረዝሚው፣ ረጅም ከሆነ ሰው ረግጦበት ይወድቃል። ከውስጥ በኩል ትንሽ ኪስ አስደርጊበት፤ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ እከትበታለሁ።

ልጅሽ