ከኖቬምበሩ ፈተና በፊት እሁድ እንገናኝ

ሰላም የጥናት ቡድናችን አባላት፣

ኖቬምበር እየገሰገሰ ነው። እዚህ ጃፓን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያስፈልገን ፈተና፣ ኢጁ፣ በዓመት 2 ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የሰኔው ያመለጠን ይሄ ነው የቀረን።

የጃፓንኛው ክፍል 125 ደቂቃ ይወስዳል። ንባቡ 200፣ ማዳመጡ 200፣ ጽሑፉ 50 ነጥብ ነው። «ለ50 ነጥብ ማን ይጨነቃል?» ያላችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ግን ፈተናው የሚከፈተው በጽሑፉ ነው። እሱ ላይ የተደናበረ ሰው ንባቡ ላይም ቶሎ አይረጋጋም።

ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁትን አየሁት። በ30 ደቂቃ ከ400 እስከ 500 ፊደል መሙላት አለብን፤ ብዙዎቻችን 300 ላይ ቆመናል። ደግሞ በ«ዴስ፣ ማስ» (በትህትናው የዓረፍተ ነገር አጨራረስ) ጀምረን መሃል ላይ ወደ «ዴ አሩ» (ወደ ደረቁ የጽሑፍ አጨራረስ) እንዘላለን። አንዱን ይዞ መጨረስ ነው። ትንሿ «ትሱ» (አነስ ተደርጋ የምትጻፈው የጃፓንኛ ፊደል) ደግሞ መጻፊያ ወረቀቱ ላይ የራሷ ሳጥን አላት፤ ከጎረቤቷ ጋር አታዳብሏት። (እኔም አዳብያት አውቃለሁ።)

ማዳመጡ ላይ ድምፁ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ጥያቄውም ምርጫውም ወረቀት ላይ የለም፤ ሁሉም በጆሮ ነው። ስለዚህ እሁድ ስንለማመድ «ድገመው» የሚባል ነገር አይሰራም።

ሒሳብና ሳይንስ ለሚቀጥለው ይቆየን። እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ፤ በእስክሪብቶ አንለማመድም። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ዳቦ የሚያመጣ አንድ ሰው ይጻፍልኝ።